ሆደ ባሻ አማካሪ

«አይዞሽ ልጄ» አሉኝ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው ሳብ አድርገው እንባዬን ሊጠርጉልኝ እጃቸውን ዘረጉ። ክፍሏ ጠባብ ስለነበረች ከወንበራቸው ሳይነሱ ደረሱብኝ።

የሥነ ልቦና አማካሪዋ እኔ ነበርኩ። ልጅ የሞተባቸው እሳቸው ናቸው። የሰዓቱን ከፍለው የመጡትም እሳቸው ናቸው።

ይህ የሆነው በሙያው ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ነው። ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ክፍል ተከራይቼ ነበር። ከሥር ካፌ አለ። የቡና ማሽኑ ሲያፏጭ እኛ ጋ ድረስ ይሰማል። መብራት ሲሄድ ደግሞ ጀነሬተሩ ይነሳና ሰው በስንት ምጥ የጀመረውን ወሬ ያቋርጠዋል። ዛሬ ቢሮዬ ሌላ ቦታ ነው። ሥራውን ከጀመርኩም 11 ዓመት ሆነኝ። ይህን የምጽፈው ሁለት ዓይነት ሰው እያሰብኩ ነው። አንዱ አማካሪ ጋ ለመሄድ አስቦ «ገብቼ ምን እላለሁ?» እያለ ቀኑን የሚገፋ ነው። ሌላው ወደዚህ ሙያ እየገባ ያለና እንደ እኔ ሆዱ ቶሎ የሚባባ ወጣት ነው። የማነሳቸው ሰዎች እንዳይታወቁ ዕድሜም፣ ሥራም፣ አገርም ቀያይሬያለሁ። ሁለት ሰው አንድ ያደረግኩበትም ቦታ አለ።

በልጅነቴ ቤት ውስጥ ስሜ «ሆደ ባሻ» ነበር። በግ ሲታረድ ጎረቤት ይልኩኛል። እናቴ ድምፅዋን ትንሽ ከፍ ካደረገች ዓይኔ ይሞላል። ሰው ሲጣላ ካየሁ፣ ባይመለከተኝም፣ እራት አልበላም። አክስቴ «ይቺ ልጅ ከሰው ጋር እንዴት ልትኖር ነው?» ትል ነበር። በኋላ ሳይኮሎጂ ስማር ኢሌይን አሮን የሚባሉ አሜሪካዊት ባለሙያ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህን ባሕርይ እንዳጠኑት አነበብኩ። ድምፁም፣ ብርሃኑም፣ የሰው ፊትም ከሌላው ይልቅ ጠልቆ የሚሰማው ሰው አለ፤ ተፈጥሮው ነው እንጂ በሽታ አይደለም ይላሉ። ያን ቀን ለአክስቴ ልደውልላት ምንም አልቀረኝ። ቃላችን ግን «ሃይሊ ሴንሲቲቭ» ከሚለው ከእሳቸው ቃል ጋር ልክ ለልክ አይገጥምም። «ሆደ ባሻ» ውስጥ ትንሽ ስድብ አለ፣ ትንሽ ደግሞ ማቆላመጥ አለ።

አባቴ የሞተው ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ነው። ፈተና ላይ ነበርኩ። ቤተሰብ ተመካከረና «ፈተናዋን ትጨርስ» ተባለ። ሰኞ ሞተ፣ ማክሰኞ ተቀበረ። እኔ በ12ኛው ቀን «አባትሽን ትንሽ አሞታልና ነይ» ተባልኩ። ደሴ ስደርስ መሽቶ ነበር። አክስቴ ቤት አሳደሩኝ። እራት ቀረበልኝ። ሁሉም ያውቃል። ሠራተኛዋ ታውቃለች። የአክስቴ የ9 ዓመት ልጅ እንኳ ታውቃለች፤ ለዚህ ነው ያን ማታ ቀና ብላ ያላየችኝ። ንጋት ላይ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ተከታትለው ሲገቡ ነው የገባኝ። ክፉ አስበው አይደለም። መርዶ ወግ አለው። ሰው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ፣ ሲወድቅ የሚይዘው እንዳያጣ ነው። ዛሬ ሳስበው ወጉ ብልሃት አለበት። ያኔ የተሰማኝ ግን ሌላ ነው። ሁሉም እያወቀ እኔ ብቻ ሽሮ እየበላሁ፣ እየሳቅኩ ነበር።

ይህን የማነሳው ታሪኩ ተከትሎኝ ሥራዬ ውስጥ ስለገባ ነው። የተደበቀብኝ ሰው ስለሆንኩ የተደበቀ ነገር ያንገበግበኛል። የመጣ ሰው ሁሉ ሁሉንም ነገር ቶሎ እንዲያወጣልኝ እፈልግ ነበር። ገና በመጀመሪያው ቀን እገፋለሁ። «ከዚያስ? ምን ተሰማህ? ለማን ነገርክ?» የሚገርመው ይናገራሉ። ይናገሩና ተመልሰው አይመጡም።

አንድ የባንክ ሠራተኛ ነበር። በ50 ደቂቃ ውስጥ በልጅነቱ የደረሰበትን፣ ለሚስቱም ለእናቱም ተንፍሶት የማያውቀውን ነገር ዘርግፎ ነገረኝ። አለቀሰ። ሲወጣ ሁለት እጄን ይዞ አመሰገነኝ። እኔ ደረጃውን በደስታ ነው የወረድኩት። ሥራዬን የሠራሁ መስሎኛል። በቀጣዩ ሳምንት አልመጣም። ስልኩ ዝግ ነው። ከወር በኋላ አጭር መልእክት ላከልኝ። «ይቅርታ፣ ከእንግዲህ ቀና ብዬ ላይሽ አልችልም።»

ልብ ለመክፈት ፍጥነት አያስፈልግም ብሎ ማንም ያስተማረኝ አልነበረም። ወይም አስተምረውኝ አልሰማሁም። ጄምስ ፔኔቤከር የሚባል አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት ከባልደረባው ጋር በ1986 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሙከራ አለ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሕይወታቸው የደረሰባቸውን ክፉ ነገር ለ4 ተከታታይ ቀናት፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ እንዲጽፉ ተደረገ። የሆነውንም የተሰማቸውንም አጣምረው የጻፉት፣ ጽፈው ሲነሱ ስሜታቸው ከፍቶ ነበር። በቀጣዮቹ ወራት ግን ክሊኒክ የሄዱት ከሌሎቹ ባነሰ ቁጥር ነው። ሰዎች ይህን ሲጠቅሱ መጨረሻውን ብቻ ነው የሚያወሩት፤ መናገር ይፈውሳል ይሉና ያልፋሉ። እኔን የያዘኝ መጀመሪያው ነው። በዚያው ቀን ይከፋል። ደግሞ እነዚያ ልጆች ብቻቸውን ነው የጻፉት፣ በቁንጥርም ነው የጻፉት። ፊታቸውን የሚያይ ሰው አልነበረም። እኔ ጋ የመጣው ሰው ግን የሚቀጥለው ማክሰኞ ያንኑ ያየውን ዓይን መልሶ ማየት አለበት።

ስለዚህ አሁን ፍሬን እይዛለሁ። ሰውየው በመጀመሪያው ቀን ከገደሉ አፋፍ ከደረሰ «እዚህ ላይ እናቁም፤ ታሪኩ የትም አይሄድም» እላለሁ። የመጨረሻዎቹን 10 ደቂቃዎች ምንም ከባድ ነገር አናወራም። ማታ ከማን ጋር እንደሚበላ፣ እንዴት ወደ ቤት እንደሚሄድ እጠይቃለሁ። አስቀድሜም እነግረዋለሁ፦ «ነገ ጠዋት ‹ምነው አፌን በዘጋሁት› ሊልህ ይችላል። ከመጣብህ ያለ ነው። ተመልሰህ ና፤ ያንኑ እናወራዋለን።» ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ማለት ከጀመርኩ ወዲህ የሚጠፉብኝ ሰዎች ቀንሰዋል።

አንድ ነገር ግን ቀስ ተብሎ አይነገርም። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ በመጀመሪያው ቀን፣ ከተቻለ በመጀመሪያው ደቂቃ ይነገር። «ትደነግጣለች» ብላችሁ አታቆዩት። አንደነግጥም። ብንደነግጥም ሥራችን ነው።

ወደ እናትየው ልመለስ። ልጃቸው 24 ዓመቱ ነበር። በሞተር አደጋ ነው የሞተው። ሆስፒታል ሲገባ ዘመድ ሁሉ ሰምቷል። እሳቸው ግን የሰሙት በማግስቱ ነው፤ «ደም ግፊት አለባት» ተብሎ። «ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ ነበር፤ እሱ እየሞተ እኔ ተኝቼ ነበር» አሉኝ። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው። አሁን ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። ያለቀስኩት ለእሳቸው ብቻ አልነበረም። ግማሹ ለዚያች ሽሮ ለምትበላው ልጅ ነው።

ነጠላቸው ፊቴ ላይ ደረሰ። እኔም ዝም አልኩ። አፍሬ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ድፎ ዳቦ በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘው መጡ። «ከስተሻል» አሉኝ። በሦስተኛው ሳምንት እናቴ በሕይወት እንዳለች ጠየቁኝ። በአራተኛው ማግባት አለማግባቴን። ስለ ልጃቸው አንዲት ቃል የለም። ከእሳቸው ይልቅ እኔ ደካማ መስያቸው ነበር። ለደካማ ሰው ደግሞ ከባድ ዕቃ አያሸክሙም። እናት ናቸዋ።

በዚያው ሰሞን ከሌሎች ሰዎች ጋር ያደረግኩት ከዚህም የባሰ ነው። ፊቴን ቆለፍኩት። የሳይኮአናሊሲስ መሥራች ፍሮይድ በ1912 እ.ኤ.አ. በጻፈው ምክር ሐኪሙ እንደ መስታወት ይሁን ይላል፤ ታካሚው ራሱን ይይበት እንጂ ሐኪሙን አይይበት ነው ነገሩ። እኔም ይህን ይዤ መስታወት ሆንኩ። እጄን ጭኔ ላይ አደርጋለሁ፣ ራሴን በልክ እነቀንቃለሁ፣ «እሺ… እሺ…» እላለሁ። አንድ ቀን የ20 ዓመት ልጅ መሐል ላይ ቆመብኝና «ላንቺ ነው ለግድግዳው ነው የማወራው?» አለኝ። ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

አሜሪካዊው ሳይኮሎጂስት ካርል ሮጀርስ በ1957 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ለቴራፒ (ለንግግር ሕክምና) የግድ የሚያስፈልጉ ያላቸውን ነገሮች ሲዘረዝር አንዱ የአማካሪው እውነተኛነት ነው። ከውስጥ ሌላ፣ ከፊት ሌላ መሆን የለበትም። ትምህርት ቤት ለፈተና ሸምድጄው ነበር። ያልገባኝ፣ ሮጀርስ የሚሰማህን ሁሉ አውጥተህ ተናገር አለማለቱ ነው። ራስህን አትዋሽ ነው ያለው። እኔ ሁለቱን ሳደባልቅ አንዴ እየጎረፍኩ፣ አንዴ እየደረቅሁ የሙያዬን የመጀመሪያ ሁለት ዓመት ፈጀሁ።

ያወጡኝ ሱፐርቫይዘሬ፣ ማለትም ሥራዬን የሚከታተሉልኝ አንጋፋ አማካሪ ናቸው። ብዙ የማይናገሩ፣ ሻይ ሳይቀርብ ወሬ የማይጀምሩ ሰው ናቸው። የእናትየውን ጉዳይ ስነግራቸው «ማልቀስሽ ምንም አይደለም» አሉኝ። «ካለቀስሽ በኋላ ዝም ማለትሽ ነው ጉዱ። እንባሽን ለሴትየዋ ትተሽላት ሄድሽ። ምን እንደሆነ ያልነገርሻትን ነገር እሷ ተሸከመችው።» ቀጥለውም አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። ከሰው ጋር ተቀምጬ አንድ ነገር ሲሰማኝ፣ «ይህ የማን ነው? የእኔ ነው የሱ?» ብዬ ለአንድ ትንፋሽ ያህል እጠይቃለሁ ወይ? አልጠይቅም ነበር። ሆደ ባሻ ሰው የመጣለትን ስሜት ሁሉ የራሱ ያደርገዋል።

ይህን ጥያቄ ከለመድኩ በኋላ ነው ሆዴ ሥራ የጀመረው። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ በእኔ ዕድሜ አካባቢ የሚሆን። በጅቡቲ መስመር መኪናው ተገልብጦ ረዳቱ የሞተበት። ታሪኩን የሚነግረኝ እየሳቀ ነው። ቀልደኛ ሰው ነው፣ አነጋገሩ ያስቃል፣ እኔም ፈገግ ብያለሁ። ሆዴ ግን ተገለባበጠ። ይህ የማን ነው አልኩ። የእኔ አልመሰለኝም። ከዚያ ቀስ ብዬ «አንተ እየሳቅክ ትነግረኛለህ፤ የእኔ ሆድ ግን እዚህ እየተላወሰ ነው» አልኩት። ዝም አለ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ፣ አፉ የራሱ መሆኑን እንደሚያጣራ ሰው። «እየሳቅኩ ነው እንዴ?» አለኝ። ረዳቱን በስሙ የጠራው ያን ቀን ነው። እስከዚያ «ልጁ» ነበር የሚለው።

ጀማሪ አማካሪዎች ይህን ስነግራቸው «ታዲያ የተሰማንን እንናገር ማለት ነው?» ይሉኛል። የተሰማኝን ከነገርኩት ሰው ጋር ስለ እሱ ማውራታችንን ከቀጠልን ጥሩ ነው። ስለ እኔ ማውራት ከጀመርን አጥፍቻለሁ። የአባቴን ታሪክ ለሾፌሩ አልነገርኩትም። ሆዴን ብቻ ነው የነገርኩት።

«ሐበሻ ስሜቱን አያወጣም» የሚባለውን ነገር አላምንበትም። ለቅሶ ቤት ሄደው ያውቃሉ የሚሉት? ሙሾ አውራጇ ቆማ የሟቹን አካሄድ፣ የእናቱን ጎጆ፣ የቀረውን ልጅ በግጥም ስታወርድ ማን ነው ሳያለቅስ የሚወጣው? ቀረርቶ አለን፣ እንጉርጉሮ አለን። የሚቸግረን ያለ ግጥም፣ ያለ ደጋፊ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አንድ ሰው ፊት «እኔ» ብሎ መጀመር ነው። ብዙ ሰው «ሰው ሲከፋው ምን ያደርጋል መሰለሽ?» ብሎ ይጀምራል። «ሰው» ማለት እሱ ነው። ድሮ አቋርጬ «ስለ ራስህ ንገረኝ» እል ነበር። አሁን አብሬው እሄዳለሁ። «ሰውየው ከዚያ ምን አደረገ?» እላለሁ። ሰውየው ሦስት ሳምንት ከተራመደ በኋላ ራሱ «እኔ» ይላል።

ቋንቋችንም ስሜትን በራሱ መንገድ ነው የሚይዘው። ከፋኝ፣ ጨነቀኝ፣ ጠበበኝ፣ ደበረኝ። አድራጊው ስሜቱ ነው፤ እኔ የተደረገብኝ ነኝ። ሆድ ይብሳል፣ ልብ ይፈራል፣ አንጀት ያራል። ይህ ለሥራዬ ትልቅ እርዳታ ነው። «ለምን አዘንሽ?» ስትባል የምትኮሳተር ሴት «ሆድሽን ምን አለው?» ስትባል ትናገራለች። ትንሽ ወዲያ ቆመን ሆዷን አብረን እንደምናየው ነው። አንድ ቃል ግን ሁሌም አስቆመዋለሁ፦ «ደበረኝ»። ወጣቱ ሁሉን ነገር በእሱ ነው የሚሸፍነው። መሰልቸትም ደበረኝ ነው፣ ንዴትም ደበረኝ ነው፣ ከአልጋ መነሳት ማቃትም ደበረኝ ነው። «የቱ ደበረኝ ነው?» እላለሁ። አንዲት ተማሪ «ስልክ የማያስነሳው» አለችኝ። ከዚያ የተሻለ መልስ እስከዛሬ አልሰማሁም።

ለአማካሪ ልባቸውን ለሚከፍቱ ሰዎች ትልቁ እንቅፋት ግን ይሉኝታ ነው። ሰው ይሉኝታውን ውጭ ጥሎ አይገባም። አብሮት ይገባና አጠገቡ ይቀመጣል። አማካሪዋን እንዳያስከፋ ይጠነቀቃል። የሰጠሁትን ምክር ሳይወደው «በጣም ጥሩ ነው» ይላል። አንዲት ሴት አራት ጊዜ መጥታ ጠፋች። ከዓመት በኋላ ተመልሳ መጣች። «ለምን እንደቀረሽ ልጠይቅሽ?» አልኳት። ብዙ ካመነታች በኋላ «ስለ ባሌ ስነግርሽ ሰዓት አየሽ» አለችኝ።

አይቻለሁ። ሰዓቱ ከጀርባዋ ሳይሆን በጎኗ ግድግዳው ላይ ነበር። ለማየት አንገቴን ማዞር ነበረብኝ። እሷ ለስምንት ዓመት የሚያዳምጣት ያጣች ሴት ናት፤ የኔ አንገት ሲዞር «ይቺም» አለች በሆዷ። ሄደች። ያን ቀን ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ሳላስተባብል፣ «ደክሞኝ ነው» ሳልል። ሰዓቱንም አነሳሁት። አሁን ከሰዎች ወንበር ኋላ፣ ቀና ስል ብቻ የሚታይ ቦታ ነው ያለው። ዋናው ለውጥ የመጣው ግን በሰዓቱ አይደለም። ከዚያ በኋላ ስናወራ ስታኮርፍብኝ ትነግረኝ ጀመር። ቀጥላ ለባሏ ነገረችው።

ስለዚህ የምትሄዱበት አማካሪ የተናገረው ቃል ካሳመማችሁ ንገሩት። «ባለፈው ያልከው ነገር ከነከነኝ» ማለት ይበቃል። ቢያንስ አንዴ ሞክሩት። የሚሰማ ከሆነ ሥራው እዚያ ላይ ነው የሚጠነክረው። ከተቆጣ ወይም እናንተኑ ከወቀሰ ሌላ ፈልጉ። አማካሪ መቀየር ክህደት አይደለም።

በመጀመሪያው ቀን ልትጠይቁት የምትችሉት ሌላም ነገር አለ። የነገርኩህን ለማን ትነግራለህ? እኔ ስጠየቅ የምመልሰው ይህን ነው። ለማንም። ሕይወት አደጋ ላይ ከወደቀ ወይም ሕፃን እየተጎዳ ከሆነ ግን ዝም አልልም፤ ያንንም አስቀድሜ እነግራችኋለሁ። ለሱፐርቫይዘሬ ደግሞ ስም ሳልጠራ አማክራለሁ። ገበና በሚባል ቃል ያደግን ሰዎች ነን፤ ይህ ጥያቄ ቢቀርብልኝ አልቀየምም። እንዲያውም ሳልጠየቅ ነው የምጀምረው። አዲስ አበባ ትልቅ ከተማ ትመስላለች እንጂ ሰርግ ላይ እንገናኛለን። «ብንገናኝ ሰላም ልበልህ ወይስ እንዳላየ ልለፍህ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዱ «እንደ ድሮ የክፍል ጓደኛ ሰላም በይኝ» አለኝ። እስካሁን የክፍል ጓደኛው ነኝ።

መድኃኒት ሊያስፈልግህ ይችላልና የአእምሮ ሐኪም ይይህ ስል «አማኑኤል ልትልኪኝ ነው?» ብሎ ፊቱ የሚለዋወጥ ብዙ ነው። የሆስፒታሉ ስም እንደ ስድብ ሲያገለግል ስለኖረ ነው። እዚህ ላይ አልከራከርም። የፈራውን ነገር እንዲነግረኝ እጠይቃለሁ። አብዛኛው ሰው የሚፈራው መድኃኒቱን አይደለም፤ በር ላይ የሚያየውን ሰው ነው።

ስለ ሶፍትና ስለ «አይዞሽ» ደግሞ ትንሽ ልበል። ሰው ማልቀስ ሲጀምር ሶፍቱን አንስቼ አቀብል ነበር። ደግነት መስሎኝ። በኋላ ሳስተውል፣ ሶፍቱ እጃቸው ላይ ሲደርስ ልቅሶው ይቆማል። «ይበቃል፣ ጥረጊ» ያልኳቸው ይመስላቸዋል። «አይዞሽ»ም እንደዚያው ነው። ቃሉን እወደዋለሁ፤ ከቋንቋችን ውስጥ እንደሱ የሚሞቅ ቃል ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ቶሎ ከተባለ ክዳን ነው። አሁን ሶፍቱ በሰውየው በኩል ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሲፈልግ ያነሳል። አይዞሽንም ለበሩ ነው የማስቀምጠው። ስንሰነባበት፣ ቆመን።

ሁሉም ቦታ ደግሞ ልብ አይከፈትም። ዱባይ ሰው ቤት ከምትሠራ ወጣት ጋር በስልክ እሠራ ነበር። አሠሪዎቿ ሲተኙ መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ውኃ ከፍታ ታወራኛለች። ያለን 20 ደቂቃ ነው። ፊቷን አላየውም፤ ትንፋሿን ነው የማዳምጠው። ማልቀስ አትችልም፤ ጠዋት ዓይኗ አብጦ ከታየ ትጠየቃለች። እዚያ ላይ «ልብሽን ክፈችው» ማለት ጭካኔ ነው። በየሳምንቱ አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ እናነሳለን፤ ከዚያ ስለ እንጀራ እናወራለን። ትልቁን ጉዳይ «አገር ስገባ» ብላ አስቀመጠችው። አስቀመጥንላት። የገባች ዕለት ከሻንጣዋ ጋር ነው ቢሮዬ የመጣችው።

የእኔም ሆድ ዋጋ ያስከፍላል። በቀን ከአራት ሰው በላይ አላይም። አምስተኛው ጋ ስደርስ ያለሁ እመስላለሁ እንጂ የለሁም። ከመጨረሻው ሰው በኋላ ወዲያው ሚኒባስ ውስጥ አልገባም። ትንሽ በእግሬ እሄዳለሁ። ራሴም አማካሪ አለችኝ። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን «እንዴት ነሽ?» ስትለኝ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። እየከፈልኩ! የአባቴን ታሪክ ለመናገር ሰባት ቀጠሮ ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ «ቶሎ ንገረኝ» የሚል ፊቴ ጠፋ መሰለኝ።

እናትየው በአምስተኛው ሳምንት ብርቱካን ይዘው መጡ። ተቀበልኩና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ሱፐርቫይዘሬ ጋ የተለማመድኩትን ነገርኳቸው። «ያን ቀን ያለቀስኩት የልጅዎ ነገር የራሴን ሐዘን ስለቀሰቀሰብኝ ነው። እሱን የማወራበት ሌላ ሰው አለኝ። እርስዎ እንዲሸከሙልኝ አልፈልግም። እኔን ይተዉኝና ስለ ልጅዎ ይንገሩኝ።»

ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከታች ማሽኑ አፏጨ። ከዚያ ከቦርሳቸው ስልክ አወጡ። መስታወቱ ተሰንጥቋል። የልጃቸው ነው። «በየማታው ቻርጅ አደርገዋለሁ» አሉኝ። «አንዳንድ ቀን ይጮሃል። ጓደኞቹ ያልሰሙ አሉ። አነሳና ‹ተኝቷል› እላለሁ።»

ዓይኔ ሞላ። አዩኝ። እጃቸው ወደ ነጠላቸው ሄደ።

«አለሁ፤ ይቀጥሉ» አልኳቸው።

እጃቸውን መለሱ። «ትናንትና የደወለችው አንዲት ልጅ ናት» ብለው ቀጠሉ።